ቀዩ የታለ?

በኅዳርና በታኅሣሥ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የተጓዘ ሰው ቀይ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። በየግቢው፣ በየአውድማው፣ አንዳንዴም መንገድ ዳር በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ፍም መስሎ ይታያል። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ ስትለቅም፣ ስታሰጣና ስትቀነጥስ የኖረች የገጠር ሴት ናት። አንድ ማታ «ቀዩ የታለ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ስለ ቀይ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። የጠየቀችኝ ግን ስለ ሰማይ ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሥራዬ ፎቶ ማንሣት ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። በጥር ሠርግ፣ በሰኔ ምርቃት አነሣለሁ፤ በቀረው ጊዜ ጉርድ ፎቶ ነው እንጀራዬ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሌሊት ሜዳ ላይ ብቻውን የሚቆም ሰው ዛሬ የሚፈራውን ያህል በማይፈራበት ጊዜ፣ የሠርጉን ካሜራ ይዤ ከከተማው ወጣ ማለት ጀመርኩ። ያነሣሁት ኔቡላ ነው። ኔቡላ ማለት በከዋክብት መካከል የተዘረጋ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። እኔ የመረጥኩት ደግሞ ከሁሉ የሚቀለውን፣ በኦሪዮን ውስጥ ያለውን ነበር።

ኦሪዮንን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። በታኅሣሥ መጨረሻ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ወደ ውጭ ውጡ። ከራሳችሁ በላይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ እኩል የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ። የኦሪዮን መታጠቂያ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከሥራቸው ወደ ደቡብ ቁልቁል የተንጠለጠሉ ደከም ያሉ ከዋክብት አሉ፤ ሰይፉ ነው። ከሰይፉ መካከል አንዱን ትኩር ብላችሁ ብታዩት እንደ ኮከብ ጥርት አይልም፤ ጭጋግ የነካው ይመስላል። እሱ ነው ኔቡላው። እኛ ያለንበት ቦታ ለዚህ የታደለ ነው። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ ወደ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ አውሮፓ ውስጥ ከአድማስ ብዙም የማይርቀው ኦሪዮን እዚህ ከአናታችን አጠገብ ይወጣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላም ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ አብዛኛውን ሌሊት ክፍት ነው።

ያን ፎቶ አትሜ ለገና በዓል ወደ አያቴ ወሰድኩት። ጨረቃ የሌለበት ማታ ነበር። ከእራት በኋላ ከጎጆዋ ደጃፍ ቆመን ፎቶውን በስልኬ መብራት አሳየኋት። በጥቁር ሰማይ ላይ የተዘረጋ ደማቅ ቀይ ክንፍ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቴን ወዳመለከትኩበት ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ እንደገና ፎቶውን፣ እንደገና ሰማዩን።

«ቀዩ የታለ?»

«አለ እማዬ። ዓይናችን ነው የማያየው።»

«እንግዲያስ አንተ በምን አየኸው?»

«በካሜራዬ።»

«ካሜራህ አይቶታል?»

ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን ጥያቄዋ በራሱ መልስ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ የምታዩአቸው ባለቀለም የሰማይ ፎቶዎች ላይ ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ዓይን የማያየውን የሚያሳይ ፎቶ ውሸት ነው?

ቀዩ በእርግጥ አለ። በኔቡላው መሐል ወጣትና እጅግ ትኩስ ከዋክብት ይገኛሉ። እነሱ የሚረጩት አልትራቫዮሌት ጨረር በዙሪያቸው ያለውን ሃይድሮጂን ይመታና ኤሌክትሮኑን ከአተሙ ያላቅቀዋል። ኤሌክትሮኑ ወደ አተም ሲመለስ እንደ ደረጃ ወራጅ ከእርከን ወደ እርከን ይወርዳል። ከሦስተኛው እርከን ወደ ሁለተኛው በሚወርድበት ጊዜ የሞገድ ርዝመቱ 656 ናኖ ሜትር የሆነ ብርሃን ይሰጣል። ይህ ብርሃን ቀይ ነው። ደመናው የሌላ ኮከብ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ብቻ ሳይሆን ራሱ የሚያበራ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከእኛ የሚርቀው ወደ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ያን ሌሊት ከአያቴ ደጃፍ ያየነው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመፈልፈላቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ዓይናችን ላይ ነው። በዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩት ሕዋሳት ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። ጨለማ ሲሆን ሥራቸውን ለሌሎች ሕዋሳት ያስረክባሉ፤ እነዚህኞቹ ደካማ ብርሃን ያያሉ እንጂ ቀለም አይለዩም፤ ለዚያ ጥልቅ ቀይ ደግሞ ዕውር ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በትልቅ ቴሌስኮፕ ብታዩት እንኳ ኔቡላው ግራጫ፣ ቢበዛ አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ይታያችኋል እንጂ እንደ በርበሬ አይቀላም። ዓይን ሌላም ድካም አለበት። ብርሃንን አያጠራቅምም። አንድ ሰዓት ብታፈጡም በመጀመሪያው ደቂቃ ካያችሁት ብዙ የሚበልጥ አታዩም። ካሜራ ግን ጋን ነው፤ ጠብታውን ይይዛል።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በኔቡላ ላይ የሞከረው ሄንሪ ድሬፐር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1880 ይህንኑ የኦሪዮን ኔቡላ 51 ደቂቃ ያህል ብርሃን አጠራቅሞ አነሣው። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድሩ ኤይንስሊ ኮመን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ በሙያው የፍሳሽና የንጽሕና ሥራ የሚሠራ አማተር ሰው፣ በቤቱ ጓሮ በተከለው ቴሌስኮፕ አሻሽሎ አነሣው። በእሱ ፎቶ ላይ በዚያው ቴሌስኮፕ በዓይን የማይታዩ ከዋክብት ወጡ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሰዎች ኔቡላውን በእጅ ይሥሉት ነበር፤ የአንዱ ሥዕል ከሌላው ስለማይገጥም «ኔቡላው ተለወጠ ወይስ ሠዓሊው?» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ከዓይን አልፎ ማየት የተጀመረው እንግዲህ በፎቶ ቤት ሰው ተንኮል ሳይሆን በጓሮ ትዕግሥት ነው።

በእኛም አገር ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የአዲስ አበባ መብራት ግን ከሥራቸው ነው። ጨለማን በተመለከተ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ከእንጦጦ ይበልጣል፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም።

ታዲያ እኔ ጋኑን እንዴት ሞላሁት? ቴሌስኮፕም፣ ሰማዩን እየተከተለ የሚዞር መቆሚያም የለኝም። ያለኝ ትራይፖድና ለሠርግ የገዛሁት 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ምድር ስለምትዞር፣ በዚህ ሌንስ ከአንድ ሰከንድ ብዙ ብቆይ ከዋክብቱ ተጎትተው ሰረዝ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ሰከንድ አነሣለሁ፤ እንደገና አንድ ሰከንድ፤ 900 ጊዜ። በየጥቂት ደቂቃው ኦሪዮን ከፎቶው ሊወጣ ሲል ካሜራውን እመልሰዋለሁ። አንዱን ፎቶ ብቻ ነጥላችሁ ብታዩት ምንም የለበትም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ከዋክብት፣ ትንሽ ጭጋግ፣ የቀረው ኖይዝ የምንለው ሽፍታ መሳይ ነጠብጣብ ነው።

በቅዳሜ ገበያ ግርግር መካከል አንድ ሰው ስማችሁን በሹክሹክታ ቢጠራ አትሰሙትም። 900 ጊዜ ቢጠራና የሰማችሁትን ሁሉ አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ብትችሉስ? የገበያው ጫጫታ በየጊዜው ልዩ ልዩ ነው፤ እርስ በርሱ ይጣፋል። ስማችሁ ግን ሁልጊዜ ያው ነው። ላፕቶፑ ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው። 900 ፎቶ ሲደረብ ከሰማይ የመጣው ብርሃን 900 እጥፍ ያድጋል፤ ነጠብጣቡ ግን 30 እጥፍ ብቻ። ስለዚህ ምስሉ ከአንዱ ፎቶ 30 እጥፍ የጠራ ይሆናል።

ከዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የምወደውን ክፍል ልንገራችሁ። ሰማዩን ከጨረስኩ በኋላ የሌንሱን ክዳን እዘጋና ብዙ ፎቶ አነሣለሁ። የምንም ፎቶ። ያኔ ካሜራዬ ምንም በሌለበት ጨለማ ውስጥ የሚያየው ነገር አለ፤ እዚህ ቀይ ነጥብ፣ እዚያ ሰማያዊ ነጥብ፣ ጥግ ላይ የደበዘዘ ፍካት። ይህ ሁሉ የካሜራው የራሱ ነው፤ ከሰማይ አልመጣም። ከምስሉ ላይ ይቀነሳል። ጎሕ ሲቀድ ደግሞ የእናቴን ነጠላ ሌንሱ ላይ ወጥሬ ወደ ነጣው ሰማይ አነሣለሁ። እሱ ደግሞ ሌንሱ ላይ ያለውን አቧራና የጥጉን ጥላ ያሳየኛል። አንድ ጊዜ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ገበሬ ነጠላ ለብሶ የቆመውን ካሜራ አይቶ «በረደው እንዴ?» ብሎኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ «ማስተካከል» ብትሉት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የተጨመረ ነገር የለም። የተሰበሰበው ከዚያ የመጣ ነው፤ የተቀነሰው የእኔው ጉድፍ ነው። አንድ ሰው «ኮምፒውተር የነካው ሁሉ ውሸት ነው» ቢለኝ ይህን እነግረዋለሁ። ካልነካሁት የካሜራዬ ጉድፍ እንደ ኮከብ ይቆጠር ነበር።

ቀለሙን መለወጥስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1995 ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮወን የተባሉ ተመራማሪዎች በሐብል ቴሌስኮፕ ያነሡትን፣ «የፍጥረት ዓምዶች» የሚባለውን ፎቶ ሳታዩ አትቀሩም፤ ከመዝሙር ቪዲዮዎች ጀርባ ብዙ ጊዜ ይገባል። በዚያ ፎቶ ሃይድሮጂን አረንጓዴ ነው። ሃይድሮጂን ቀይ ነው ብዬአችሁ አልነበር? ነው። ሰልፈርም ቀይ ነው፤ 672 ናኖ ሜትር ገደማ። ሁለቱም በየራሳቸው ቢቀቡ ዓይን አይለያቸውም ነበር። ስለዚህ ሰልፈርን ቀይ፣ ሃይድሮጂንን አረንጓዴ፣ ኦክስጅንን ሰማያዊ አደረጓቸው፤ እንዲህ ማድረጋቸውንም ተናገሩ። የጣና ሐይቅ በካርታ ላይ ሰማያዊ ነው። ባሕር ዳር ወርዶ በክረምት ያየው ሰው ውኃው ደፍርሶ ቡናማ እንደሚመስል ያውቃል፤ ካርታ ሠሪውን ግን ውሸታም የሚለው የለም። ካርታው ከግርጌው መፍቻ አለውና። መፍቻውን የቆረጠ ሰው ነው የሚያሳስት።

መፍቻ መቁረጥ እንዴት ቀላል እንደሆነ ኤቲየን ክላይን የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ፎቶዎቹን ባወጣበት ሰሞን፣ በጥቁር ላይ የተቀመጠ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ክብ ለጥፎ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የተባለው ኮከብ ነው አለ። ሕዝቡ ተደነቀ። ቆይቶ ግን የቾሪዞ፣ የስፔን ቋሊማ ቁራጭ መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያደረኩት ለቀልድም ለማስጠንቀቂያም ነው አለ። ያ ቀይም በጣም ያምር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አንድ ሰው ሆነ ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አድርጎ በአንድ ታዋቂ ስልክ ቢያነሣው፣ ስልኩ በደበዘዘው ምስል ላይ ያልነበሩ የጨረቃ ጉድጓዶችን ይዞ ወጣ። ስልኩ ጨረቃ ምን እንደምትመስል አስቀድሞ ተምሯል፤ ስለዚህ ያላየውን ሞላው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ቋሊማው ቀላል ነው፤ ኮከብ አልነበረም፤ አለቀ። የስልኩ ነገር ግን ያስቸግራል። ስልኩ የጨመራቸው ጉድጓዶች ጨረቃ ላይ በእውነት አሉ። ታዲያ እውነት የሆነን ነገር መጨመር ውሸት ሊሆን ይችላል?

የእኔ ዝምታ ያለው እዚህ ነው።

ተራ ካሜራ ሴንሰሩ ፊት የተለጠፈ ማጣሪያ አለው። የሰው ፊት በትክክል እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያን 656 ናኖ ሜትር ቀይ ግን አብዛኛውን ይከለክለዋል። ስለዚህ ከ900 ፎቶ በኋላ የወጣልኝ ምስል መሐሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው ደብዛዛ ሮዝ የሆነ ነገር ነበር። ለእኔ አላረካኝም። ኢንተርኔት ላይ የሌሎችን አይቻለሁ፤ የእነሱ ይነድዳል። የፎቶ ቤት ሰው ነኝ። በጥር ሙሽሮች «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» ይሉኛል፤ አደርጋቸዋለሁ። ያንኑ ብሩሽ አነሣሁና ኔቡላዬን አቀላሁት። የሌሎቹን ፎቶ አጠገቡ ከፍቼ፣ ቀዩ የት የት እንደሚደርስ እያየሁ፣ በጥንቃቄ። ለራሴም «ቀዩ እንደሆነ አለ፤ ሳይንሱ ይመሰክራል፤ ካሜራዬ ስለደከመ ነው እንጂ» አልኩ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ በወጣቶች ኅብረታችን ስለ ፍጥረት በተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ በፕሮጀክተር አሳየሁት። «ከከተማችን ዳርቻ፣ በዚህችው በሠርግ ካሜራ ያነሣሁት ነው» አልኩ። ሃሌሉያው ጣሪያውን ነቀነቀው። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ከፕሮግራሙ በኋላ መጥቶ «እኔንም ውሰደኝ» አለኝ። በጥር አንድ ሌሊት ከበዓሉ ግርግር አምልጠን ወጣን። ካሜራውን ሰጠሁት፤ ክዳኑን ዘግቶ የጨለማውን ፎቶ ሲያነሣ ሳቀ። በማግሥቱ ላፕቶፔ ላይ ደረብነው። ደብዛዛው ሮዝ ወጣ።

ልጁ ስክሪኑን አየና «አበላሸሁት» አለ።

«አላበላሸህም።»

«የአንተማ ቀይ ነው። እኔ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።»

ሥራው ትክክል ነበር። ያን ሁሉ ብርድ ችሎ፣ ከሩቅ የመጣውን ብርሃን በገዛ እጁ ተቀብሎ ነበር። የእኔ ሥዕል ግን የእሱን እውነት ስሕተት አስመሰለበት።

ልጅ ሳለሁ ወንድ አያቴ በሽምግልና ሲቀመጡ እግራቸው ሥር እቀመጥ ነበር። ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ያው የመሬት ድንበር ነው። አንድ ቀን ምስክር ቀረበ፤ የተከበረ ሰው ነው።

«ድንጋዩ ሲተከል ቆመህ አይተሃል?» አሉት።

«አላየሁም። ነገር ግን ድንበሩ ከሾላው ሥር ለመሆኑ አገር ያውቃል።»

«አገር ይወቅ። አንተ አይተሃል ወይ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

በኋላ ሌሎች ምስክሮች ተሰምተው ድንበሩ ተገኘ፤ በእርግጥም ከሾላው ሥር ነበር። ያ ሰው የተናገረው እውነት ነበር። ያስቀመጡት ግን ስለዋሸ አይደለም። የሌላውን ዕውቀት በራሱ ዓይን ስም ሊያቀርብ ስለነበረ ነው። አያቴ በኋላ ሲናገሩ፣ ዛሬ ያላየውን እውነት የሚመሰክር ነገ ያላየውን ሐሰት ይመሰክራል፤ እኛ ደግሞ በምን እንለየዋለን ብለው ነበር።

እናንተ ምስክርነት በሚሰጥበት ቤት ያደጋችሁ ናችሁና ወዴት እንደምሄድ ገብቷችኋል። አንድ ወንድም ታምሞ ተጸልዮለት ተሻለው። ቢሮው እንዳይቀር ያደረገው የሆድ ቁርጠት ነበር። በመጀመሪያው እሑድ «ታምሜ ነበር» አለ። በወሩ «ሐኪሞች ግራ ተጋብተው ነበር» ሆነ። በዓመቱ በሌላ ከተማ ኮንፈረንስ ላይ ከሞት አፋፍ ተመልሶ ነበር። ብትጠይቁት «ጌታ ከሞት አፋፍ አይመልስም እንዴ?» ይላችኋል። ይመልሳል። ቀዩ አለ። ጥያቄው ግን የአያቴ ጥያቄ ነው፤ ካሜራህ አይቶታል? ይህን የምለው በወንድሜ ለመፍረድ አይደለም፤ ብሩሹን እኔም ይዤው ነበር። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የምትሰማዋን ልጅ ግን አስቡ። እሷም ጸልያለች፤ እሷም ደብዛዛ፣ ሮዝ የመሰለ፣ የራሷ የሆነ ነገር ተቀብላለች። ከዚያ ከመድረኩ ቀይ አጠገብ ስታስቀምጠው «አበላሸሁት» ትላለች።

አንዳንዱ «ታዲያ ደብዛዛውን ማን ይሰማል? የሰው ልብ የሚነካው ደማቁ ነው» ይላል። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ ያ ልጅ ከእኔ ጋር ሌሊት የወጣው ቀዩን አይቶ ነውና። በደብዛዛው ሮዝ ይወጣ ነበር ወይ? አላውቅም። ግን አንድ ነገር አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1864 ዊሊያም ሃጊንስ የአንድን ኔቡላ ብርሃን በመስተዋት ዘርዝሮ ሲመለከት ማንም የማያውቀው አረንጓዴ መስመር አገኘ። ሰዎች በምድር ላይ የሌለ ንጥረ ነገር ነው ብለው ኔቡሊየም የሚል ስም አወጡለት። ተሳስተው ነበር። ኢራ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1927 መስመሩ የኦክስጅን መሆኑን አሳየ፤ ሁለት ኤሌክትሮኑን ያጣ ኦክስጅን። ከስድሳ ዓመት በኋላ ስሕተቱን ማረም የተቻለው ሃጊንስ ያየውን መስመር ባየበት ቦታ ስለመዘገበ ነው። በሚያውቀው ቀለም ቢያስተካክለው ኖሮ ቦወን የሚያርመው ነገር አያገኝም ነበር።

ለልጁ ነገርኩት። ያኔውኑ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ላፕቶፑን ከፍቼ ብሩሹ ያለፈበትን ሁሉ አሳየሁት፤ ከሥሩ ያለውን የእኔን ሮዝም አሳየሁት። ከእሱ የተለየ አልነበረም፤ እንዲያውም የእሱ ይሻላል፤ ትራይፖዱን ያጠበቀው እሱ ነው። ምንም አልተናገረኝም። ለኅብረቱም በሚቀጥለው ፕሮግራም ተናገርኩ፤ አንዳንዶች ሳቁ፤ «ለዚህ ነው እንዴ?» አሉ። አንዲት እህት ግን ፎቶውን ከስልኳ ስታጠፋው አየኋት። ልጁ ዛሬም ከእኔ ጋር ይወጣል። አዲስ ፎቶ ባሳየሁት ቁጥር ግን፣ የሙሽራም ይሁን የሰማይ፣ «ይቺኛዋስ?» ይለኛል። በቀልድ መልክ ነው የሚለው። እኔም በየጊዜው እመልስለታለሁ።

በፎቶ ቤቴ የማደርገውስ? ሙሽራዋ ራሷ «ቀላ አድርገኝ» ብላ ጠይቃ፣ ባሏም እያወቀ፣ ቤተሰቡም እየሳቀ የሚደረግ ነው፤ መፍቻው በሁሉም እጅ አለ እላለሁ። ሙሉ በሙሉ ግን አላሳመንኩትም ራሴን። ባለፈው ጥር አንዷን «እንዲሁ ላንሣሽ» ብያት ሌላ ፎቶ ቤት ሄዳለች።

ለፋሲካ እንደገና ወደ አያቴ ወጣሁ። ኦሪዮን በዚያ ወቅት ገና በማታ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ፈጥኖ ካልወጡ አይገኝም። ብሩሽ ያልነካውን አትሜ ነበር። ከጀርባው በእስክሪብቶ «900 ፎቶ፣ አንድ አንድ ሰከንድ፣ የሠርግ ካሜራ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ማንበብ ባትችልም አነበብኩላት። ወደ ኩራዙ አስጠግታ አየችው።

«ይቺስ ደብዛዛ ናት» አለች።

«አዎ። ካሜራዬ ያየው ይህን ያህል ነው።»

ወደ ደጅ ወጣች፤ ሰማዩን ፈለገች፤ ሰይፉን አሳየኋት። ያን ጭጋግ ከፎቶው ጋር ስታመሳክር ቆየች። ከዚያ ተመልሳ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰካችው፤ ከገና ጀምሮ እዚያው ተሰክቶ ከኖረው ከቀዩ አጠገብ።

«ያንኛውን መልሺልኝ እማዬ» አልኳት።

«ለምን? እሷማ ታምራለች፤ ትቀመጥ።»